2,147,483,647፦ ስልካችን ውስጥ ያለው ቁጥር እና የ2030 የጥምቀት ጠዋት

ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም ማክሰኞ ይውላል። ጥምቀት ነው። በዚያን ዕለት ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ሲሆን፣ በብዙ የቆዩ ኮምፒውተሮችና ስልኮች ውስጥ የሚቆጥረው ሰዓት ቁጥር ያልቅበታል። አንድ ሰከንድ ሲጨመርበት ወደ ፊት አይሄድም። ካልተስተካከለ ወደ ኋላ ይፈናጠርና ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም ላይ ያርፋል። አዎ፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዙፋን ላይ ወደነበሩበት ዘመን።

ቀልድ አይደለም። የዓለም ፍጻሜም አይደለም። ከጀርባው ያለው አንድ ቁጥር ነው፦

2,147,483,647

ሁለት ቢሊዮን፣ አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን፣ አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ፣ ስድስት መቶ አርባ ሰባት። ይህ ቁጥር ከ250 ዓመት በፊት የሒሳብ ሊቃውንት ሲመራመሩበት የነበረ ፕራይም ነምበር ነው። ዛሬ ደግሞ በየኪሳችን አለ። ከየት መጣ? ምን ይሠራል? እኛንስ ምን አገባን? ረጋ ብለን እንየው።

🔹 ፕራይም ማለት ምን ነበር?

ትምህርት ቤት የተማርነውን እናስታውስ። ፕራይም ነምበር፣ በአማርኛ ብቸኛ ቁጥር የሚባለው፣ ከ1 እና ከራሱ በስተቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር ነው። 7 ፕራይም ነው። 15 ግን አይደለም፤ 3 እና 5 ያካፍሉታል።

ትንንሾቹን በቃል መለየት ይቻላል። ቁጥሩ እየተለቀ ሲሄድ ግን ዓይን ይሸወዳል። ለምሳሌ 2,047 ፕራይም ይመስላል። ለ3፣ ለ5፣ ለ7፣ ለ11፣ ለ13፣ ለ17፣ ለ19 ብትሞክሩት እምቢ ይላል። 23 ላይ ስትደርሱ ግን ይሰበራል፦ 23 × 89 = 2,047።

የኛ ቁጥር አሠራሩ ቀላል ነው። 2ን 31 ጊዜ ደርድራችሁ እርስ በርሱ አባዙት፤ ከውጤቱ 1 ቀንሱ። በቃ። በአጭሩ 2³¹ − 1 ተብሎ ይጻፋል። ታናናሽ ወንድሞችም አሉት፦

👉 ሁለት 2ዎች ተባዝተው 1 ሲቀነስ = 3
👉 ሦስት 2ዎች ተባዝተው 1 ሲቀነስ = 7
👉 አምስት 2ዎች ተባዝተው 1 ሲቀነስ = 31
👉 ሰባት 2ዎች ተባዝተው 1 ሲቀነስ = 127

አራቱም ፕራይም ናቸው። የ2ዎቹን ብዛት ደሞ ልብ በሉ፦ 2፣ 3፣ 5፣ 7። እነሱም ፕራይም ናቸው። ብዛቱ ፕራይም ካልሆነ ውጤቱም በፍጹም ፕራይም አይሆንም። አራት 2ዎች 15ን፣ ስድስት 2ዎች 63ን ይሰጣሉ፤ ሁለቱም ይከፋፈላሉ።

ታዲያ ብዛቱ ፕራይም ከሆነ ሁልጊዜ ይሠራል ማለት ነው? አይሠራም! አሥራ አንድ 2ዎችን አባዝታችሁ 1 ስትቀንሱ የምታገኙት ያንን ሸዋጁን 2,047ን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን መፈተሽ ግድ ይላል።

እነዚህ ቁጥሮች ሜርሴን ፕራይም ይባላሉ። ስሙ የመጣው ከፈረንሳዊው መነኩሴ ከማረን ሜርሴን ነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ የትኞቹ እንደሚሠሩ ዝርዝር አውጥቶ ነበር። ዝርዝሩ ውስጥ 31 አለ። ግን ሁለት የማይሠሩ ቁጥሮችን አስገብቷል፤ ሦስት የሚሠሩትን ደግሞ ዘሏል። ስለዚህ 31ን በተመለከተ ልክ ይሁን አይሁን የሚያረጋግጥ ሰው ያስፈልግ ነበር።

🔹 ማየት የተሳነው ሰው እና 311

ሰውየው የስዊዘርላንዱ ተወላጅ ሊዮናርድ ኦይለር ነው። በወቅቱ የሚኖረው ሩሲያ፣ ሴንት ፒተርስበርግ ነበር። አንድ ዓይኑን ከጠፋበት ቆይቷል፤ ሁለተኛውም ከድቶት ማየት ተስኖታል ማለት ይቻላል። አብዛኛውን ሒሳብ በጭንቅላቱ እየሠራ ሌሎች ይጽፉለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1772 ለሌላው የሒሳብ ሊቅ ለበርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ 2,147,483,647 ፕራይም መሆኑን አሳወቀ።

እንዴት ቻለ? ኮምፒውተር የለ፣ ካልኩሌተር የለ።

እስቲ ሥራውን አስቡት። አንድ ቁጥር ፕራይም መሆኑን ለማረጋገጥ እስከ ስኩዌር ሩቱ ድረስ ባሉት ፕራይሞች ማካፈል በቂ ነው። ምክንያቱም ቁጥሩ ለሁለት ከተከፈለ አንደኛው አካፋይ የግድ ከስኩዌር ሩቱ አይበልጥም። የኛ ቁጥር ስኩዌር ሩት 46,340 ከምናምን ነው። እስከዚያ ድረስ ከ4,700 በላይ ፕራይሞች አሉ። በእጅ ከ4,700 ጊዜ በላይ ማካፈል ማለት ነው።

ኦይለር ግን አቋራጭ ነበረው። ወደ 2,047 እንመለስና እንየው። አካፋዮቹ 23 እና 89 ነበሩ። የ2ዎቹ ብዛት 11 ስለነበር እጥፉን 22ን ያዙ። 23 ማለት 22 ሲደመር 1 ነው። 89 ማለት አራት ጊዜ 22 ሲደመር 1 ነው። ሁለቱም ለ22 ሲካፈሉ 1 ይተርፋቸዋል። ይህ አጋጣሚ ሳይሆን ሕግ ነው። ለ31 ደግሞ እጥፉ 62 ስለሆነ፣ ማንኛውም አካፋይ ለ62 ሲካፈል 1 ሊተርፈው ይገባል። ሌላም ሕግ አለ፦ አካፋዩ ለ8 ሲካፈል የሚተርፈው 1 ወይም 7 ብቻ ነው።

ሁለቱን ሕጎች ስናጋባቸው፣ የሚጠረጠሩት ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 የሚተርፋቸው ፕራይሞች ብቻ ይሆናሉ። ሌላው በሙሉ ከመጀመሪያው ነፃ ወጣ። ከ4,700 በላይ የነበረው ተጠርጣሪ ወደ 80 ገደማ ወረደ!

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ 311 ነው። ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር ክፈቱና ሞክሩት። 2,147,483,647 ለ311 ሲካፈል 6,905,092 ይደርስና 35 ይተርፋል። 311 ነፃ ነው። ኦይለር በዚህ መንገድ እስከ መጨረሻው ሄደ፤ አንድም አካፋይ አልተገኘም። ለአሥርት ዓመታት በዓለም ላይ የታወቀው ትልቁ ፕራይም ይህ ነበር።

🔹 «ጥቅም የለውም» ተብሎ ነበር

ከሜርሴን ፕራይሞች ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። 6ን የሚያካፍሉት ከራሱ በታች ያሉ ቁጥሮች 1፣ 2 እና 3 ናቸው። ሲደመሩ መልሰው 6 ይሆናሉ። 28ም እንዲሁ ነው፦ 1 + 2 + 4 + 7 + 14 = 28። እንዲህ ያሉት ፍጹም ቁጥሮች ይባላሉ። እያንዳንዱ ሜርሴን ፕራይም አንድ ፍጹም ቁጥር ይወልዳል። ከ3 ስድስት፣ ከ7 ሃያ ስምንት ተገኘ። ከኛ ቁጥር የተገኘው ደግሞ ይህ ነው፦

2,305,843,008,139,952,128

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው ፒተር ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1811 ስለዚህ ቁጥር ሲጽፍ ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር ወደ ፊትም አይገኝም አለ። ምክንያቱ ደግሞ የሚገርም ነው፤ እንደሱ አባባል እነዚህ ቁጥሮች ለጨዋታ እንጂ ለጥቅም ስላልሆኑ ማንም ሰው ጊዜውን አያባክንባቸውም።

ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1876 ፈረንሳዊው ኤዱዋር ሉካስ 39 አሃዝ ያለው ሜርሴን ፕራይም በእጅ ስሌት አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2024 ደግሞ አሜሪካዊው ሉክ ዱራንት፣ በኢንተርኔት ተባብረው ፕራይም ከሚያድኑ በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆኖ፣ 2ን 136,279,841 ጊዜ አባዝቶ 1 በመቀነስ የሚገኘው ቁጥር ፕራይም መሆኑ ተገለጸ። አሃዞቹ ብቻ 41,024,320 ናቸው።

«ለጥቅም አይሆኑም» የሚለውም አልዘለቀም። ዋትስአፕ ላይ ስታወሩ መልእክታችሁን የሚቆልፈው ሒሳብ የቆመው በአንድ ትልቅ ፕራይም ላይ ነው፦ 2ን 255 ጊዜ አባዝታችሁ 19 ስትቀንሱ የምታገኙት ቁጥር። የኛ 2,147,483,647 ለቁልፍነት በጣም ትንሽ ነው፤ ዛሬ ያለ ኮምፒውተር ሳይተነፍስ ይጨርሰዋል። እሱ የተቀጠረው ሌላ ቦታ ነው።

🔹 ዕጣ የሚያወጣው ቁጥር

ጌም ውስጥ ዳይስ ሲወረወር ኮምፒውተሩ ዕድል የሚባል ነገር አያውቅም። ሒሳብ ሠርቶ ዕድል የሚመስል ነገር ያወጣል። እንዴት? በትንሽ ቁጥር እንሞክረው።

ከ1 ጀምሩ። በ3 አባዙ፣ ለ7 አካፍሉ፣ ቀሪውን ብቻ ያዙ። ደጋግሙት። የሚወጣው 1፣ 3፣ 2፣ 6፣ 4፣ 5 ከዚያ ተመልሶ 1 ነው። ከ1 እስከ 6 ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ተራ ደርሷቸዋል፤ ቅደም ተከተላቸው ግን የተምታታ ነው።

አሁን 7ን በ8 ቀይሩት። 1፣ 3፣ 1፣ 3፣ 1፣ 3... ተቀርቅሯል። 8 ፕራይም ስላልሆነ ሁሉንም ማዳረስ አይችልም። 7 ግን ፕራይም ስለሆነ፣ ማባዣው በደንብ ከተመረጠ ማንንም ሳይዘል ይዞራል።

እ.ኤ.አ. በ1988 ስቲቨን ፓርክ እና ኪት ሚለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ባለሙያዎች ኮምፒውተሮች ቢያንስ ይህን ይጠቀሙ ብለው ያቀረቡት ዘዴ ልክ እንዲህ ያለ ነው። ማባዣው 16,807፣ አካፋዩ ደግሞ 2,147,483,647። ከ1 ስትነሱ 16,807፣ ቀጥሎ 282,475,249፣ ቀጥሎ 1,622,650,073 እያለ ይቀጥላል። አንድ ቁጥር እስኪደገም ድረስ 2,147,483,646 ቁጥሮችን ያዳርሳል። ኦይለር ያረጋገጠው ነገር ባይሆን ኖሮ ይህ ዙር መሃል ላይ ይበጠስ ነበር። ዘዴው ዛሬም በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ ውስጥ ተካቶ አለ። (ለፓስዎርድ ግን አይሆንም፤ አንዱን ቁጥር ያየ ሰው ቀጣዩን ማስላት ይችላል።)

🔹 31 ማብሪያ ማጥፊያ

ወደ ስልካችን እንምጣ። ኮምፒውተር ቁጥር የሚይዘው በቢት ነው። ቢትን እንደ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ አስቡት፤ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። ሦስት ማብሪያ ካላችሁ ስምንት ዓይነት አቀማመጥ ትሠራላችሁ። ከ0 ስትቆጥሩ ከፍተኛው 7 ነው። አንድ ማብሪያ በጨመራችሁ ቁጥር አማራጩ እጥፍ ይሆናል።

ለብዙ ዓመታት የተለመደው የቁጥር ሳጥን 32 ማብሪያ ነበረው። አንዱ ለመደመርና መቀነስ ምልክት ይያዛል። የቀሩት 31 ናቸው። ሠላሳ አንዱም ሲበሩ ስንት ይሆናል? 2,147,483,647። ከዚህ በላይ ቦታ የለም። 1 ብትጨምሩበት የምልክቱ ማብሪያ ይበራና ቁጥሩ ወደ −2,147,483,648 ይገለበጣል።

ይህ የደረሰበት ታዋቂ ሰው አለ። የኮሪያው ዘፋኝ ሳይ! «ጋንግናም ስታይል» የሚለው ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ዩቲዩብ ላይ የታየበት ብዛት ከ2,147,483,647 አለፈ። ዩቲዩብ ቆጣሪውን ወደ ባለ 64 ቢት አሳደገው። የአዲሱ ጣሪያ 9,223,372,036,854,775,807 ነው።

አንድ ነገር እናጥራ፦ ጣሪያው ፕራይም የሆነው ኮምፒውተር ፕራይም ስለሚፈልግ አይደለም። 32 ሲቀነስ 1 እኩል ይሆናል 31 ስለሆነና 31 ስለሠራ ብቻ ነው። አዲሱ ጣሪያ 63 ማብሪያ ነው፤ 63 ደግሞ ፕራይም አይደለም። ስለዚህ ያ ግዙፍ ቁጥር ለ7 እንኳን ይካፈላል። አሮጌው ጣሪያ ፕራይም መሆኑ የግጥምጥሞሽ ጉዳይ ነው።

🔹 ታዲያ ጥምቀት ጠዋት ምን ይሆናል?

ብዙ ኮምፒውተሮች ቀንን የሚያውቁት ሰከንድ በመቁጠር ነው። ቆጠራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1970፣ በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም ነው። ሰከንዱ ባለ 32 ቢት ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ፣ የሚሞላው ልክ 2,147,483,647 ሰከንድ ሲደርስ ነው። ያ ሰዓት በኢትዮጵያ ጥር 11 ቀን 2030 ከንጋቱ 12፡14፡07 ነው። ዱባይ ላላችሁ ከጠዋቱ 1፡14፡07። ዋሺንግተን ላላችሁ ደግሞ ገና የከተራ ዕለት ከምሽቱ 4፡14፡07።

ቀን መሳሳቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ችግር አልነበረም። ግን የስልካችሁ ቀን ሲዛባ ብሮውዘር ምን እንደሚላችሁ ታውቃላችሁ፤ ሰዓትህን አስተካክል ብሎ ገጹን አይከፍትም። ምክንያቱም የድረ ገጾች የደኅንነት ሰርተፍኬት የአገልግሎት ቀን አለው። ራሱን 1894 ዓ.ም ላይ ያገኘ መሣሪያ ዘንድ ሁሉም ሰርተፍኬት «ገና አልጀመረም»። ኢንተርኔት አለ፣ ግን በሩ ዝግ ነው።

ደሞ 2030 እስኪደርስ የማይጠብቅም አለ። የ20 ዓመት ብድር የሚያሰላ ሲስተም የመጨረሻውን ክፍያ ቀን ዛሬ ማስቀመጥ አለበት። ቀኑ ከ2030 ጥምቀት ካለፈና ሳጥኑ ባለ 32 ቢት ከሆነ ስህተቱ ዛሬውኑ ይመጣል።

ጥሩው ዜና ሥራው ከተጀመረ ቆይቷል። አይፎን ከ5ኤስ ጀምሮ ባለ 64 ቢት ነው። ጉግል ፕሌይ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2019 ጀምሮ አፕ ሠሪዎች ባለ 64 ቢት ቅጂ እንዲያቀርቡ አስገድዷል። የአንድሮይድ መሠረት የሆነው ሊኑክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ባለ 32 ቢት መሣሪያዎች ላይም ረጅም ሰዓት እንዲሠራ አድርጓል። በ64 ቢት የሚቆጠር ሰከንድ የሚያልቀው ከ292 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ነው። እስከዚያ ሌላ ትውልድ ያስብበት።

የሚያሳስበው አፕዴት የማይደርሰው ነው። ርካሽ ስልክ፣ ግድግዳ ላይ የተረሳ ራውተር፣ የጥበቃ ካሜራ፣ ፋብሪካ ውስጥ ያለ መቆጣጠሪያ። እነዚህ አንዴ ከተገጠሙ ለዓመታት ማንም አይነካቸውም።

🔹 ምን እናድርግ?

👉 ስልክ ስትገዙ፣ በተለይ ያገለገለ ከሆነ፣ ባለ 64 ቢት መሆኑን ጠይቁ። ሲፒዩ-ዚ የሚባለው ነፃ አፕ ያሳያችኋል። ቺፑ 64 ሆኖ ሲስተሙ 32 የሆነ ስልክም ስላለ ሁለቱንም እዩ።

👉 አፕዴት ሲመጣ አትለፉት። የሰዓት ማስተካከያ የሚደርሳችሁ በዚያ በኩል ነው።

👉 «እስቲ ልሞክረው» ብላችሁ የስልካችሁን ቀን ወደ 2038 አትቀይሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ቀናቸው ወደ ጥር 1 ቀን 1970 የተቀየረ አይፎኖች አልነሳ ብለው ነበር።

👉 ኮድ የምትጽፉ ልጆች ይህ በቀጥታ እናንተን ይመለከታል። ሰከንድን ተራ «ኢንት» ውስጥ አታስቀምጡ። ማይኤስኪውኤል ላይ «ታይምስታምፕ» የሚለው የቀን ዓይነት የሚያልቀው እዚያው ሰከንድ ላይ ነው። ዛሬ የምትሠሩት የሱቅ ወይም የክሊኒክ ሲስተም በ2030 ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ስልክ የሚደወለው ለእናንተ ነው። ለዚያውም በጥምቀት ጠዋት።

ስልካችሁ ባለ ስንት ቢት ሆነ? አይታችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ያገለገለ ስልክ ሊገዛ ለሚያስብ ጓደኛ ደግሞ ሼር አድርጉለት።